ከአማቴ ጋር በነገሥታቱ ግቢ

እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ፣ ማ "ተኛህ ወይ?" ሲሉኝ "ጥሩ አድርጌ" አልኳቸው፣ ይሄ እንግዲህ የዛሬው የመጀመሪያ ውሸቴ ነው፣ ገና ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ። ማ የምላቸው አማቴን ነው፤ በእነሱ ቋንቋ እማ እንደ ማለት ነው። ከካይፈንግ ትናንት በፈጣኑ ባቡር ቤጂንግ መጡ፣ አብረዋቸው የመጡት ጡረተኛ ጓደኞቻቸው ሆቴል ሲያድሩ እሳቸው "ልጆቼ ቤት እያላቸው ሆቴል ምን አገባኝ" ብለው እኔ ጋ አደሩ፣ እሳቸው አልጋዬ ላይ፣ እኔ ሶፋው ላይ እግሬን አንጠልጥዬ፣ የማስበውም አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የመታጠቢያ ቤቱን ነገር። የልጃቸው የያንሊ የጥርስ ብሩሽ ብዬ ያስቀመጥኩት ብሩሽ ደረቅ ነው። ያንሊ ሥራ ሄዳለች ብያለሁ፣ ሰው ለሥራ ከሄደ ብሩሹ ይደርቃል፣ ያስኬዳል፣ ግን ሰው ለሥራ ሲሄድ ብሩሹን ይዞት ይሄድ የለም ወይ? ተነሥቼ ልጣለው? ብጥለውና ማታ አይተውት ከነበረስ? ተጋድሜ ጣራውን ሳይ፣ ማ ከመኝታ ቤት በቀጭኑ ሲያስሉ ስሰማ፣ መንገድ ጠራጊው መኪና ሲያልፍ፣ እንዲሁ ስገላበጥ ነጋ። በር ላይ ደግሞ አንድ የሴት ነጠላ ጫማ አኑሬያለሁ፣ ከሱቅ ገዝቼ። ስንወጣ ማ ጎንበስ ብለው አዩት፣ "ያንሊ እግሯ አድጓል እንዴ?" አሉ፣ መልስ ሳይጠብቁ የራሳቸውን ጫማ አጥልቀው ቀድመውኝ ወደ አሳንሰሩ ሄዱ።

ያንሊና እኔ ከተፋታን ዓመት ሊሞላን ነው። ይሄን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ለማንም ብዬው አላውቅም፣ በቻይንኛም ያልኩት ለጋብቻና ፍቺ ጽሕፈት ቤቱ ሴትዮ ብቻ ነው፣ እሷም ቀና ብላ አላየችኝም፣ ማኅተሟን መታች፣ "ቀጣይ" አለች። ጠብ አልነበረም። ያንሊ ለሥራ ወደ ደቡብ፣ ሼንዠን ከተማ ወረደች፣ እኔ እዚህ ቀረሁ፣ የውኃ ፓምፕ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ለውጭ ገዢ ዕቃውን የማስረዳት ሥራ፣ እና መጀመሪያ ማታ ማታ እንደዋወል ነበር፣ ከዚያ "ደከመኝ" መባባል መጣ፣ ከዚያ ደከመኝ ማለቱም ቀረ። የተፈራረምን ዕለት ወጥተን ኑድል በላን። ሾርባው ያቃጥል ነበር። "ለእማ አሁን አንንገራት፣ ዓይኗን ኦፕራሲዮን ልትደረግ ነው" አለች። እሺ አልኩ። ዓይናቸው ተሠራ፣ ዳነ፣ አሁን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያያሉ። ከዚያ የቻይናዎቹ ዘመን መለወጫ መጣ፣ በበዓል እንዴት ይነገራል ተባለ። ከዚያ ደም ግፊታቸው ከፍ አለ። ከዚያ ዝም ብሎ ጊዜው ሄደ። እሁድ እሁድ እደውልላቸዋለሁ፣ ድሮም እደውል ነበር፣ "ያንሊ ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው" እላለሁ፣ ያንሊም በሌላ ቀን ደውላ "ዳሃይ ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው" ትላለች። ዳሃይ እኔ ነኝ። ስሜ ባሕሩ ነው፣ ትርጉሙን ሲጠይቁኝ ነግሬያቸው ማ ራሳቸው ያወጡልኝ ስም ነው፣ ትልቅ ባሕር ማለት።

ከማ ጓደኞች ጋር በተሳፈርንበት የጉብኝት አውቶቡስ ውስጥ ሁሉም ቀይ ኮፍያ አድርገዋል፣ ለእኔም ተሰጠኝ፣ አናቴ ላይ እንቢ ብሎ ቁብ አለ። አስጎብኚያችን ቺያው የምትባል ልጅ ናት፣ ድምፅዋ ገና በጠዋቱ ሻክሯል፣ ማይኩን አፏ ላይ ለጥፋ "አባቶች፣ እናቶች፣ ዛሬ ነገሥታቱ ከኖሩበት እንገባለን፣ ባንዲራዬን ከዓይናችሁ አታጥፉ፣ የጠፋ ሰው ወደ ሰሜን ይሂድ፣ እዚያ እቆጥረዋለሁ" ትላለች። አክስት ፋን ከኋላ ወንበር፣ የማ ጎረቤት ናቸው፣ ምላሳቸው ስለታም ነው፣ "የእናንተ ነገሥታት የትናንት ናቸው፣ የእኛ ካይፈንግ ነገሥታት ከነቤተ መንግሥታቸው ወንዙ ባመጣው ጭቃ ውስጥ ከተቀበሩ ስንት ዘመናቸው፣ እዚያ ትኬት የለ፣ ሰልፍ የለ" አሉ፣ አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ያንሊ ናት፣ "እማ ጠየቀች?" ብላ ጽፋለች። "ገና" ብዬ ጻፍኩ። ማ በመስኮቱ ያያሉ። ወይም እንዳላዩ ይሆናሉ።

ዋናው በር ጋ የሁሉም መታወቂያ ማሽኑ ላይ ሲነካ በሩ ይከፈታል፣ ጢት ይላል፣ ያልፋሉ፣ ጢት፣ ያልፋሉ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ማሽኑ ዝም ይላል። የዕድሜዬን ግማሽ እዚህ አገር ኖሬ ማሽኖቹ እስካሁን አልለመዱኝም። ፓስፖርቴን ይዤ ወደ ጎን ቆምኩ፣ ጠባቂው ገልበጥ ገልበጥ አደረገው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ፣ እዚያ ላይ ድሮ "የቤተሰብ" ይል ነበር አሁን "የሥራ" ነው የሚለው፣ ማ ደግሞ ከጎኔ ቆመው አንገታቸውን አስግገው ያያሉ፣ በዚያ በተሠራ ዓይናቸው። "ከማን ጋር ነህ?" አለኝ ጠባቂው። ማ ቀደሙኝ፣ "ከእኔ ጋር ነው፣ ልጄ ነው።" ጠባቂው እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ "በየት በኩል?" አለ። "በሆዱ በኩል። እኔ ነኝ ያበላሁት" አሉት። ሳቀና አሳለፈን። እጄን ያዙኝ፣ እጃቸው ደረቅና ሙቅ ነው፣ እና እኔ በዚህ ሁሉ ሰው መሐል፣ ነገሥታት በተራመዱበት ድንጋይ ላይ፣ እንደ ሌባ እየተሳቀቅኩ ሄድኩ።

ሰዉ ብዛቱ። የንጉሥ ሚስት ልብስ ተከራይተው የለበሱ ቆነጃጅት በየደረጃው ፎቶ ይነሣሉ፣ ረጅም ጥፍር ተለጥፎላቸዋል፣ አንዷ ከነዘውዷ አይስክሬም ትልሳለች። ማ እዚህ አንድ ጊዜ መጥተው ነበር፣ በሙሽርነታቸው፣ ከባላቸው ጋር፣ ያን ዕለት በሩ ተዘግቶ ኖሮ ውጭውን ግንብ ነክተው ተመለሱ፣ ሁለተኛ ሳይመለሱበት ባላቸው ሞቱ፤ ይሄን እሁድ እሁድ በስልክ ስንት ጊዜ ነግረውኛል፣ እና "በመኸር እወስድዎታለሁ" ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያኔ ገና ከያንሊ ጋር ነበርን፣ ቃሉ ግን ከትዳሩ ተርፎ ቀረ። ዙፋኑ ያለበት አዳራሽ ውስጥ አይገባም፣ ከደጁ ነው የሚታየው፣ ሰው ተደራርቦ ስልኩን ወደ ላይ አንሥቷል፣ ማ አጭር ናቸው፣ የሰው ጀርባ ብቻ ነው የሚያዩት። አንድ ሸምገል ያለ ሰውዬ ዞር ብለው "እናትህን አንሣቸው እንጂ፣ ይሄ ሁሉ ቁመት ለምንህ ነው?" አሉኝ። አነሣኋቸው። ወገባቸውን ይዤ ብድግ ሳደርጋቸው ክብደት የላቸውም፣ እንደ ባዶ ከረጢት ናቸው፣ ደነገጥኩ፣ መቼ እንዲህ ከሱ? ጠያቂ የሌላቸው ሴት፣ ልጃቸው ሼንዠን፣ አማቻቸው ነኝ ባዩ ውሸታም። "ምን አዩ?" አልኳቸው ሳወርዳቸው። "አቧራ" አሉ። "ዙፋኑ አቧራ ነው። የሚወለውል ሰው አላገኙም።" ግን ፊታቸው በርቷል፣ አክስት ፋንን በክርን ነካ አድርገው "አየሽ አላየሽ?" ይላሉ፣ አክስት ፋንም "የእኔ አማች አጭር ነው፣ ምን ላድርግ" አሉ።

በምዕራብ በኩል ወዳለው ወደ ሴቶቹ ግቢ ስንገባ ቺያው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እዚህ ለንጉሡ የመጡ ልጃገረዶች አንዴ ከገቡ አይወጡም ነበር አለች፣ ንጉሡን በዓይናቸው ሳያዩ ያረጁም ነበሩ። ከአገራቸው መልእክት የሚያመጣላቸው የለም። ማ በበሩ ደፍ ላይ ቆሙና "እናቶቻቸውስ?" አሉ። ቺያው "ምን አሉኝ እማማ?" አለች። "ልጅቷን እዚህ ካስገቡ በኋላ፣ እናቶቻቸው ልጅቷ ትኑር ትሙት በምን ያውቃሉ?" ይሄ ቺያው ካጠናችው ውስጥ የለም፣ "አላውቅም እማማ" ብላ ባንዲራዋን አነሣች። ማ ወደ እኔ ዞሩ። "እናትህ ደህና ናት?" "ደህና ናት።" "መቼ ደወልክላት?" "ባለፈው ሰኞ።" "እኔንና እሷን ካገናኘኸን ቆየህ" አሉ፣ ያን ብቻ፣ ሄዱ።

ያ ቃል ተከተለኝ፣ በየግድግዳው ጥግ፣ በየበሩ። እማዬ አገር ቤት፣ ይርጋለም ናት። ማ ካይፈንግ ናቸው። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም፣ ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ፣ በስልክ፣ በሠርጋችን ሰሞን፣ ለወግ ያህል ሰላም ይባባሉ ብዬ ነበር፣ እነሱ ግን ያዙት። በወር በወሩ ይደዋወሉ ነበር፣ እኔ መሐል ሆኜ አንዱን ስልክ በአንድ እጅ ይዤ እያስተረጎምኩ፣ እማዬ የአቮካዶ ዛፏን ታሳያለች፣ ማ በጣራቸው ላይ ያሰጡትን ስኳር ድንች ያሳያሉ፣ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" "እንዴት ይበላል?" "ጉልበቴን ያመኛል" "እኔንም ያመኛል" "በሞቀ ውኃ ዘፍዝፊው በላት"። አንድ ጊዜ እማዬ አልቅሳ ስታወራ፣ ታናሽ ወንድሟ የሞተ ጊዜ፣ ማ እኔ ሳላስተረጉም ማልቀስ ጀመሩ። ከተፋታን ወዲህ አላገናኘኋቸውም። ፈራሁ። ሁለት ዋሾ ስልክ ላይ መዋሸት ይችላል፣ አንድ ዋሾ ለሁለት እናት በሁለት ቋንቋ ባንድ ጊዜ ሲዋሽ ግን የሆነ ቦታ ይስታል። እማዬ በደወልኩ ቁጥር "ቻይናዋ እህቴን ምን አስቀየምኳት?" ትላለች። "ኔትወርክ ነው እማዬ" እላታለሁ። ኔትወርክ። በዚህ አገር ኔትወርክ እንደሌለ።

በሰሜኑ በር ወጣን። የወጣ መመለስ አይችልም፣ ጠባቂዎቹ ዝም ብለው በእጃቸው ወደ ፊት ያሳያሉ። ምሳ አስጎብኚዎች ሁሉ ከሚወስዱበት ሰፊ ምግብ ቤት ነው፣ ክብ ጠረጴዛው መሐሉ ይሽከረከራል፣ ቶፉ መጣ፣ ዱባ መጣ፣ የተከተፈች ዳክዬ መጣች፣ ለሁሉም አትበቃም፣ ማ እኔ ሰሃን ላይ ቆዳዋን ደርበው አስቀመጡልኝ። አክስት ፋን በመሽከርከሪያው ማዶ "እንዲያው ዳሃይ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን እኔ ልጠይቅ፣ ልጅ መቼ ነው?" አሉኝ። ሁሉም ቀይ ኮፍያ ወደ እኔ ዞረ። "ያንሊ... ሥራው..." ስል ማ ጠረጴዛውን ዘወር አደረጉት፣ ዱባው አክስት ፋን ፊት ቆመ፣ "ብዪ፣ ጥርስ ለሌለው ነው የተሠራው" አሏቸው። ሁሉም ሳቀ፣ አክስት ፋንም ሳቁ፣ ነገሩ አለፈ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ማ እኮ ይሄን ጥያቄ ድሮ ራሳቸው ነበሩ የሚጠይቁኝ፣ በየእሁዱ፣ መጠየቅ የተዉት መቼ ነው? ለማስታወስ ሞከርኩ፣ በጋ ላይ ጠይቀውኛል ወይ? አልጠየቁኝም። በፀደይስ? ስልኬ ተንቀጠቀጠ፣ "ጠየቀች?" አልመለስኩም። ዳክዬው አፌ ውስጥ ገመድ ሆነ።

ከምሳ በኋላ አውቶቡሱ ነገሥታቱ ለሰማይ ይሰግዱበት ወደነበረው ቤተ መቅደስ ወሰደን፣ ክብ ነው፣ ጣራው ሰማያዊ፣ ዙሪያው ያረጁ ጥዶች ያሉበት ሰፊ ግቢ። ቺያው ለመኸር ስለሚጸለይ ጸሎት ማስረዳት ስትጀምር ማ እጅጌዬን ሳብ አደረጉኝ። "እግሬ ደክሞኛል፣ በጥላው በኩል እንሂድ።" ከቡድኑ ተለየን። ከጥዶቹ ሥር ብዙ ሽማግሌና አሮጊት ትንንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው መሬት ላይ ወረቀት ተዘርግቷል፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበታል፣ አንዳንዱ ጃንጥላ ላይ በመቆንጠጫ ተይዟል፦ ሴት፣ በእንዲህ ያለ ዓመት ተወለደች፣ ቁመቷ፣ ትምህርቷ፣ ቤት አላት፣ አትጠጣም። ላላገቡ ልጆቻቸው አጋር ፍለጋ የመጡ ወላጆች ናቸው። ሰፈሩን አውቀዋለሁ፣ ስንት ጊዜ አልፌበት ስቄያለሁ። ማ ግን ቀስ ብለው ያነባሉ፣ ጎንበስ እያሉ፣ አንድ በአንድ። አንዲት አረንጓዴ ሹራብ የለበሱ ሴትዮ "ወንድ ነው ሴት?" አሏቸው።

"ወንድ" አሉ ማ።

ሳቅ መጣብኝ፣ ሊቀልዱ ነው አልኩ።

"ቁመቱ?"

"ይኸው ቆሟል፣ ተመልከቺው።"

ሴትዮዋ ከበርጩማቸው ቀና አሉ፣ አዩኝ፣ ኮፍያዬ ላይ ደረሱ። "ይሄ? ይሄ የውጭ ሰው ነው።"

"ቤጂንግን ከእኔ በላይ ያውቃል። ሥራ አለው። የሰጡትን ሁሉ ይበላል።"

"አግብቶ ያውቃል?"

"ያውቃል። ተፋቷል" አሉ ማ። "ልጅ የላቸውም።"

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ከሩቅ እንደሚመጣ ነው። ጥዱ ላይ ቁራ ነበር። እግሬ መሬቱ ላይ መሆኑን አውቃለሁ። ሴትዮዋ "ጥፋቱ የማን ነበር? የፈታችው ምን ዓይነት ሴት ናት?" ይላሉ።

"ልጄ ናት" አሉ ማ።

"ልጅዎ? ታዲያ ይሄስ?"

"ይሄም ልጄ ነው።"

አረንጓዴ ሹራብ የለበሱት ወረቀታቸውን አስተካከሉ፣ ድንጋዩን መልሰው ጫኑበት። "እማማ፣ እኛ እዚህ በቁም ነገር ነው የተቀመጥነው" አሏቸው።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ማ ከቦርሳቸው ፔርሙሳቸውን አውጥተው ሙቅ ውኃ በክዳኑ ቀዱ፣ ለእኔ ሰጡኝ። ስቀበላቸው ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ። "ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት?" አልኩ።

"ከፀደይ።"

"ያንሊ ነገረችዎት?"

"እሷ ትናገራለች?" አሉ። "በቪዲዮ እያወራኋት ሳለ ከጎን እጅ መጣ። የተላጠ ብርቱካን በሳህን አስቀመጠላት። እጁን አየሁት። ያንተ አይደለም።"

"ምን አሏት?"

"ብርቱካኑ ይጣፍጣል ወይ አልኳት። ይጣፍጣል አለች።"

በሩቅ ሰዎች በአኮርዲዮን ይዘፍናሉ፣ ሌሎች ካርታ ይጫወታሉ፣ የእኛም ቡድን ባንዲራ በጥዶቹ መሐል ብቅ ጥልቅ ይላል። ለምን ዝም አሉ ብዬ ጠየቅኳቸው፣ እሳቸውም አንተ ለምን ዝም አልክ አሉኝ፣ እኔም ስለ ዓይንዎ፣ ስለ ደም ግፊትዎ ብዬ ጀመርኩና መሐል ላይ ራሴን ሰማሁት፣ ተውኩት። ማ ክዳኑን ከእጄ ወስደው አራገፉት። "ብናገር እሁድ እሁድ ትደውላለህ?" አሉ። "አማች ያልሆነ ሰው ለአማቱ ምን ብሎ ይደውላል? ጎረቤት ሁሉ ልጅሽ ደወለ ወይ ይለኛል፣ ዳሃይ ደወለ እላለሁ። ባወቅኩት ጊዜ አሰብኩ። ዓይናፋር ነው፣ ካወቅኩ ያፍራል፣ ካፈረ ይጠፋል። ስለዚህ አላወቅኩም።" እደውል ነበር ልላቸው አፌን ከፈትኩ። እውነት መሆኑን አላወቅኩም። እደውል ነበር? ምናልባት ሁለት እሁድ፣ ሦስት፣ ከዚያ ደከመኝ። ራሴን አውቀዋለሁ።

"ለእናትህ ነግረሃታል?"

"አልነገርኳትም።"

"ደውልላት።"

"አሁን? እዚህ?"

"እግሬን አሳርፋለሁ ብዬ ነው የመጣሁት፣ እያሳረፍኩ ነው፣ ደውል።"

ደወልኩ። ይርጋለም ረፋድ ነው። እማዬ ስልኩን ፊቷ ላይ ለጥፋ ስለምትይዘው ግንባሯና ሻሿ ብቻ ነው የሚታየኝ። "ባሕሩዬ፣ በዚህ ሰዓት ምን ሆነህ ነው?" አለች፣ ከዚያ ማ ከጎኔ እንዳሉ አየች፣ ስልኩን ራቅ አደረገችው፣ ሙሉ ፊቷ ወጣ። "ወይ እህቴ፣ ወይ እህቴ፣ ምነው ጠፋሽብኝ፣ ምን አስቀየምኩሽ፣ ሳላውቅ ያጠፋሁት ካለ ለልጁ አትነግሪውም?"

"ምን አለች?" አሉ ማ።

"ናፍቀውኛል ነው የምትለው።"

"ረዘም ያለ ነበር" አሉ ማ። "በሙሉ አስተርጉም።"

"ምን አስቀየምኩሽ ትላለች።"

ማ ስልኩን ወደ ራሳቸው ዘወር አደረጉ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ፀጉራቸውን በመዳፋቸው ደለደሉ። "እንዲህ በላት። አላስቀየምሽኝም። ልጄና ልጅሽ ተለያይተዋል። ዓመት ሊሆነው ነው። እኔና አንቺ እንዳናዝን ብለው ደበቁን፣ አንቺንና እኔንም አጠፋፉን። በላት።"

ሥራዬ ይሄ አይደል፣ የሰው ቃል ማድረስ፣ ስለ ፓምፕ እንደማስረዳው። ቃሉ የእኔ አይደለም፣ እኔ አቀባይ ነኝ፣ እንዲህ እያልኩ ለራሴ፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ "አላስቀየምሽኝም ይላሉ። ልጄና ልጅሽ ተለያይተዋል ይላሉ" አልኩ። እስከ መጨረሻው አልኩት። ስልኩ ከእማዬ እጅ ዘንበል አለ፣ የግቢው አፈር ታየኝ፣ የእግሯ ጣት፣ አንዲት ዶሮ። ዘንበል እንዳለ ድምፅዋ መጣ።

"ተጣልተው ነው?"

"አልተጣሉም በላት" አሉ ማ። "የእኔዋ ሥራ ካገኘች ዘመድ አታይም። የእሷው ደግሞ ሲከፋው አይናገርም።"

አስተረጎምኩ። ስለ ራሴ፣ በራሴ አፍ።

"እሱማ ከልጅነቱ ነው" አለች እማዬ፣ ፊቷ ተመልሶ መጣ፣ ዓይኗ ረጥቧል። "እግሩን ሚስማር ወግቶት እስኪመግል ደብቆኝ ያውቃል። ንገራት።"

ነገርኳቸው። ማ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" አሉ። እንዲህ እያሉ አወሩኝ፣ አንዷ ከዚያ አንዷ ከዚህ፣ ሲከፋው የማይበላውን፣ የማይተኛውን፣ ሲጠይቁት ኔትወርክ የሚለውን፣ እኔም ወዲያና ወዲህ እያመላለስኩ፣ አንዱንም ሳልቀንስ። ከዚያ እማዬ "እሷ ማን አብሯት አለ?" አለች። ማ "ማንም" አሉ። እማዬ "እኔም ማንም" አለች። "በላት፣ ልጆቹ ቢፋቱ እኔና አንቺ አልተፋታንም።" ይሄን ሳደርስ ማ በመዳፋቸው ጭናቸውን መቱ፣ ሳቁ፣ ሳቁና ሳል ያዛቸው፣ ጀርባቸውን ያዝኳቸው።

ሳላቸው ሲረግብ እማዬ እኔን አየችኝ። እሳቸውን ሳይሆን እኔን። "ባሕሩ" አለች። "ይሄን የነገረችኝ እሷ ናት። አንተስ? አንተ ምን ሆንክ? እስኪ ካንተ ልስማው።"

አፌን ከፈትኩ። የሚተረጎም ነገር የለም። ማንም ቃል አላቀበለኝም። ያንሊ ኑድሉን ስትበላ መነጽሯ በእንፋሎቱ ሲሸፈን ታየኝ፣ ያን መነጽር አውልቄ በሸሚዜ ልጠርግላት እጄን አንሥቼ የመለስኩት ታየኝ፣ ያንን በአማርኛ እንዴት ይላሉ? ማ ፊቴን አዩ። ምን እንደተባልኩ አልገባቸውም፣ ወይም ገብቷቸዋል፣ "አምጣው" ብለው ስልኩን ከእጄ ወሰዱ፣ "አንተ ትንሽ ዞር ዞር በል" አሉኝ፣ ስልኩን ወደ ጥዱ አነሡት፣ "ይሄ ዛፍ ከነገሥታቱ በፊት ነው አሉ፣ እይው፣ እይው" እያሉ በካይፈንግ ቻይንኛ ያወሩ ጀመር፣ እማዬም ከዚያ ማዶ በአማርኛ "እኔ ጋ ያለው ደግሞ ዘንድሮ እንዴት እንዳፈራ ላሳይሽ" ትላለች፣ ስልኩን ይዛ ስትራመድ ይሰማኛል።

ዞር አልኩ፣ ሩቅ ግን አልሄድኩም። ኪሴን ዳሰስኩ፣ ባዶ ነው፣ እጄን የማደርግበት አጣሁ። አክስት ፋን ከቡድኑ ተልከው መጡ፣ ቀይ ኮፍያቸው ወደ ኋላ ተገፍቷል፣ ያለከልካሉ። "አስጎብኚዋ እየጮኸች ነው፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው። ጓደኛዬ ማንን ነው እንዲህ የምታወራው?"

"እናቴን።"

"ቋንቋዋን ከየት አመጣችው?"

"ማ አያውቁትም።"

አክስት ፋን ጓደኛቸውን ትንሽ ጊዜ አዩአቸው፣ ማ ወደ ስልኩ እጃቸውን እያወናጨፉ ነው። ከዚያ እኔን አዩኝ። "አንተስ እዚህ ተገትረህ ምን ትሠራለህ?"

"ተራዬን እየጠበቅኩ ነው" አልኳቸው።